ጥራት ስታሻሽዪ ወጪው ከማን እንደሚወጣ ጠይቂ

ልጄ፣ ከማዋለጃ ክፍል ወደ ሆስፒታሉ ጥራት ክፍል መዛወርሽን ስሰማ ደስ ብሎኛል። እናት በወሊድ እንዳትሞት፣ የቀዶ ሕክምና ቁስል እንዳያመረቅዝ የሚታገል ክቡር ሥራ ነው። ነገር ግን የጥራት ሥራ በዕቅዱ ላይ የማይጻፍ ወጪ አለበት። ያንን ወጪ ብዙ ጊዜ የሚሸከሙት ተረኛዋ ባለሙያና አልጋ ላይ የተኛው ሕመምተኛ ናቸው። በማዋለድ ሥራ ያረጀሁ ሰው ነኝና የማምንበትን ልንገርሽ።

1. አስቀድመሽ ሰዓቱን ቁጠሪ። የሥልጠናው አበልና የኅትመቱ ክፍያ በጀት ይያዝላቸዋል፤ የነርሷ ሰዓት ግን በየትኛውም መስመር ላይ አይታይም። አምስት ደቂቃ የሚወስድ አንድ ቅጽ ሃያ ሕመምተኛ በተኛበት ዋርድ አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ይበላል። ይህ ሰዓት የሚቆረጠው መድኃኒት ከሚሰጥበት፣ የደም ግፊት ከሚለካበት፣ አስታማሚ ከሚረጋጋበት ጊዜ ላይ ነው። በሀብታም አገርም ያው ነው። በአሜሪካ ጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ብቻ 162 የጥራት መለኪያዎችን አዘጋጅቶ ሪፖርት ማድረግ ከ100 ሺህ በላይ የሥራ ሰዓትና ከ5 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሠራተኛ ወጪ ፈጅቷል። እኛ ዘንድ ተመሳሳዩ ሥራ የሚወድቀው በተረኛዋ ላይ ነው።

2. ቅጹ ስለተሞላ ብቻ አትርኪ። የምጥ መከታተያ ቅጽ የሆነውን ፓርቶግራፍ አንቺም ታውቂዋለሽ፤ የጽንሱ የልብ ምት በየግማሽ ሰዓቱ፣ የማኅፀን በር መከፈት በየ4 ሰዓቱ እየታየ ይሰፍርበታል። ምጡ ሲጓተት ነጥቦቹ የማንቂያውን መስመር ያልፉና እናትየዋ በጊዜ እንድትታይ ያደርጋሉ። ኦዲት የሚያየው መሞላቱን ብቻ ከሆነ ግን ሕፃኑ ከተወለደ በኋላ ይሞላል። እስቲ አንዱን አንሥተሽ በደንብ እዪው፦ ነጥቦቹ ሁሉ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ ትንፋሽ የተደረደሩ፤ የልብ ምቱ 140፣ 140፣ 140፤ የማኅፀን በሩም ከመስመሩ ዝንፍ ሳይል የተከፈተ። ሪፖርቱ መቶ በመቶ ይላል። በዚያ ሌሊት ግን አንዲት አዋላጅ ምጥ የያዛቸውን ሦስት እናቶች ብቻዋን ይዛ ነበር። እሷን ከመውቀስሽ በፊት አብረው የማይሄዱ ሁለት ግዴታዎችን ያሸከማት ማን እንደሆነ መርምሪ። ጉዳቱም በዚህ አያበቃም፤ ያንን መቶ በመቶ ያየ ኃላፊ «እዚህ ሰው አይጎድልም» ብሎ ተጨማሪ አዋላጅ ሳይመድብ ይቀራል።

3. አዲስ ቅጽ ስትጨምሪ አሮጌ ቀንሺ። የአንዲት እናት ወሊድ በካርዷ ላይ፣ በወሊድ መዝገቡ ላይ፣ በወሩ ሪፖርት ላይ ይጻፋል፤ አንዳንዴም አንድ ፕሮጀክት ያመጣው ሌላ ቅጽ ይጨመርበታል። ፕሮጀክቱ ሲያልቅ መኪናውና አበሉ ይሄዳሉ፣ ቅጹ ይቀራል። የሚቀነስ ካላገኘሽ የምትጨምሪውን አዘግዪው።

4. ከምልክቱ ይልቅ ለንግግሩ ተጨነቂ። የዓለም ጤና ድርጅት የቀዶ ሕክምና ደኅንነት ቼክሊስት 19 ነጥቦች ያሉት አንድ ገጽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት በስምንት አገሮች በሚገኙ ስምንት ሆስፒታሎች ሞት ከ1.5 ወደ 0.8 በመቶ መውረዱን አሳየ፤ ከስምንቱ አንዱ በታንዛኒያ የሚገኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ፣ በካናዳ ኦንታሪዮ 101 ሆስፒታሎችን ያየ ጥናት ግን ቼክሊስቱ ከገባ በኋላ በሞት ላይ ጉልህ ለውጥ አላገኘም። እኔ ከዚህ የምወስደው ትምህርት፣ ወረቀት ብቻውን ሰው አያድንም የሚለውን ነው። ቀዶ ሐኪሙ፣ ሰመመን ሰጪውና ነርሷ ቆም ብለው «የማን ሕክምና ነው? የቱ ጎን ነው? ደም ተዘጋጅቷል?» ካልተባባሉ፣ ምልክት ማድረጉ ተጨማሪ ድካም ብቻ ይሆናል።

5. ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው ነው። መፍትሔ ቢሮ ውስጥ ቀርጸሽ ወደ ዋርድ አታውርጂ። ከወሊድ በኋላ ደም በብዛት እንዳይፈስ ኦክሲቶሲን በአንድ ደቂቃ ውስጥ መሰጠት አለበት። ይህ የማይሆንበት ክፍል ካለ ሥልጠና ከመጥራትሽ በፊት ሌሊት ሄደሽ የተረኛዋን ቃል ስሚ። ምናልባት መድኃኒቱ ያለበት ፍሪጅ ተቆልፎ ቁልፉ ሌላ ሰው ኪስ ውስጥ ይሆናል። እንግዲህ የሚያስፈልገው ቁልፍ ነው፤ ቅጽም ሥልጠናም አይደለም።

6. ሥልጠና ስትጠሪ ዋርዱን ማን ይዞት እንደሚቀር ወስኚ። አምስት ነርሶች አዳራሽ ሲቀመጡ የሕመምተኛው ቁጥር አይቀንስም። የቀሩት በእጥፍ ይሠራሉ፤ በዚያ ቀን የተዘለለ መድኃኒትም በሥልጠናው ሪፖርት ላይ አይጻፍም። ባለሙያዎቹን በየተራ አሠልጥኚ፤ ሲቻልም አዳራሹን ትተሽ ዋርዱ ድረስ ሂጂላቸው።

7. ያልሠራውን ለማቆም ድፈሪ። በየጉባኤው የሚቀርበው የተሳካው ብቻ ነው፤ ያልተሳካው በዝምታ ይቀጥልና ሰው ያደክማል። ባለሙያው «ይሄም ያልፋል» ማለት ሲጀምር፣ ነገ የምታመጪለትን እውነተኛ መድኃኒት እንኳ አያምንሽም። ይህ እምነት በገንዘብ አይገዛም፤ ከሁሉም ውድ የሆነው ወጪ እሱን ማጣት ነው።

እንግዲህ ለሥራ አስኪያጁ በምታቀርቢው ሪፖርት ሁሉ ላይ ሦስት መስመር ጨምሪ፦ ሥራው ስንት ሰዓት ወሰደ፣ ሰዓቱ የማን ነበር፣ በእሱ ምክንያት ምን ሳይሠራ ቀረ። ውጤቱ ከዚህ ሁሉ በልጦ ከተገኘ በሙሉ ልብሽ ተሟገቺለት፤ ካልበለጠ ደግሞ መጀመሪያ «ይቁም» የምትይው አንቺ ሁኚ።