ልብሱን ገልብጠን እንይ

ምግብ፣ ልብስና መጠለያ ለሰው ልጅ ሁሉ አስፈላጊ ናቸው። አርሶ አደሩ ልብስ የሚገዛው እህሉን ሸጦ ባገኘው ገንዘብ ነው። ስለዚህ ደህናውን ልብስ ከጉድለተኛው ለይተን ማወቅ ይገባናል።

አንድ አባት አቡጀዲ ገዝቶ ለልጁ ሸሚዝ አሰፋለት እንበል። በበዓሉ ዕለት ሸሚዙ ልክክ አለበት። በሳምንቱ ታጥቦ ሲደርቅ ግን እጅጌው አጠረ፤ አንገቱም አልቆለፍ አለ። በአንድ ሳምንት ልጁ አላደገም፤ ሸሚዙ ነው የጠበበው። ጥፋቱ ከምን መጣ? ብዙ የጥጥ ጨርቅ መጀመሪያ ሲታጠብ ይሰበሰባል። ልብስ ሰፊው ጨርቁን ከመቁረጡ በፊት ነክሮ ቢያደርቀው ኖሮ ይህ ባልደረሰ ነበር።

ይህን መሞከር ቀላል ነው። በጨርቁ ርዝመት በኩል 50 ሳንቲ ሜትር ለክተን፣ ከዳርና ከዳር በክር ምልክት እናድርግ። ከዚያ አጥበን እናድርቀው። እንደገና ስንለካው 47 ሳንቲ ሜትር ከሆነ፣ በየ1 ሜትሩ 6 ሳንቲ ሜትር ይሰበሰባል ማለት ነው።

ጉድለት በየደረጃው ይገባል።

1. ከጨርቁ፦ ክሩ የተበጠሰ፣ የተቀደደ ወይም የመኪና ዘይት የነካው ጨርቅ ይኖራል። ቀለሙም ከጥቅል ጥቅል ሊለያይ ይችላል። ደረቱ ከአንድ ጥቅል፣ እጅጌው ከሌላ ጥቅል ከተቆረጠ መልኩ አይገጥምም።

2. ከአቆራረጡ፦ መቀሱ መስመሩን ከሳተ አንዱ እጅጌ ከሌላው ይረዝማል።

3. ከስፌቱ፦ መርፌው ከተጣመመ ወይም ከዶለዶመ ስፌቱ ይዘላል። ክሩ ከልክ በላይ ከጠበቀ ጨርቁ ይጨማደዳል። ከስፌቱ ወዲያ የተተወው ጠርዝ በጣም ከጠበበ ልብሱ ሲሳብ ይተረተራል።

4. ከመጨረሻው ሥራ፦ በደንብ ያልተሰፋ ቁልፍ ቶሎ ይወድቃል።

ጨርቁ ላይ የታየ ቀዳዳ ሲቆረጥ ይታለፋል። ከተሰፋ በኋላ ቢታይ ግን ሸሚዙ በሙሉ ይበላሻል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚባለው ለዚህ ነው።

በልብስ ፋብሪካዎች ይህን የሚከታተሉ ተቆጣጣሪዎች አሉ። በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የተሠራው ለጨርቃ ጨርቅና ለልብስ ፋብሪካዎች ነው። ብዙ ፋብሪካዎች በሚሠሩበት አንድ ደንብ መሠረት፣ ከ1000 ሸሚዝ ውስጥ ተቆጣጣሪው ሳያማርጥ 80 ያወጣል። ጉድለት የተገኘባቸው እስከ 5 ከሆኑ ዕቃው ያልፋል። 6 ከሆኑ ግን 1000ውም ይመለሳል። መርፌ ሲሰበርም ስባሪው ሁሉ ተፈልጎ ይሰበሰባል። በሕፃን ልብስ ውስጥ የቀረ ስባሪ ገላ ይወጋልና ነው።

እኛስ ገበያ ስንወጣ ምን እናድርግ? ተቆጣጣሪ ባይኖረን ዓይንና እጅ አለን። ልብሱን ገልብጠን ውስጡን እንይ። ጠርዙ መዘምዘሙን እንመልከት። ስፌቱን በሁለት እጃችን ቀስ አድርገን እንሳብ፤ ክፍተት ካሳየ አንግዛው። ሁለቱን እጅጌዎች አጋጥመን እንለካ። ቁልፎቹን አንድ በአንድ ቆልፈን እንፍታ። ነጭ ጨርቅ በውሃ አርሰን ልብሱን እንሽ፤ ነጩ ጨርቅ ቀለም ከያዘ ልብሱ ቀለም ይለቃል።

ይህን ሁሉ የምናደርገው ገንዘቡን ከመክፈላችን በፊት ይሁን። ከከፈልን በኋላ የሚታይ ጉድለት ሊያስቸግረን ይችላል።

ጥያቄዎች

1. የልጁ ሸሚዝ ለምን ጠበበ?
2. ስፌት የሚዘለው በምን ምክንያት ነው?
3. አሁን የለበሳችሁትን ልብስ ገልብጣችሁ ተመልከቱ። ምን ጉድለት አገኛችሁበት?