ጌሾን በጓሮ ዛፍ ጥላ ሥር ስለ ማልማት

(ለልማት ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት)

ጌሾ በመካነ ሰላም አካባቢና በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ የቆየ የጓሮ ተክል ነው። ጠላ የማይጠምቅ ቤተሰብም ቢሆን ቅጠሉን አድርቆ ገበያ ያወጣዋል። በየጓሮው ካለ ዛፍ ሥር እህል የማይዘራበት ቦታ ባዶውን ሲቀር ይታያል፤ ጌሾ ግን የእርሻ ማሳ ሳይሻማ በዚህ ቦታ ሊለማ ይችላል።

ጌሾ በተፈጥሮው በደን ዳር የሚበቅል ቁጥቋጦ ስለሆነ ከፊል ጥላ ይስማማዋል። ይህ ማለት ግን ጨለማ ይወዳል ማለት አይደለም። ብርሃን ከተነፈገ ግንዱ ይቀጥናል፤ ቅጠሉም ይሳሳል። በባሕር ዛፍ ሥር መትከል አይመከርም። ጥላው ስስ ቢሆንም ሥሩ የአፈሩን እርጥበት ይሻማል። ገበሬው «ጥላ ያው ጥላ ነው» ያለ እንደሆነ፣ በበጋ ከባሕር ዛፍና ከወይራ ሥር አፈር ቆፍሮ በእጁ ዳስሶ እንዲያነጻጽር ማድረግ ከብዙ ንግግር ይሻላል።

ከወይራ ሌላ ትሪ ሉሰርን ተስማሚ ነው። ለአፈሩ ናይትሮጅን ይሰጣል፤ ቅርንጫፉም ለመኖ ይሆናል። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ውርጭ ለጋውን ችግኝ ይለበልባል፤ ከውርጩ የሚከልለው ደግሞ ይኸው ቅርንጫፍ ነው። ስለዚህ በነዚህ ወራት ከችግኙ በላይ ያለውን ቅርንጫፍ መተው፣ መኖ የግድ ካስፈለገ ከሌላው ጎን መቁረጥ ይገባል። ከየካቲት ወዲህ መኖ ሲጠፋ ቀሪው ይመለመላል፤ ጌሾውም ብርሃን ያገኛል።

ዘሩ በስሎ ከጠቆረ ፍሬ ይለቀማል። ችግኙ ክረምቱ ሲጠና ከዛፉ ግንድ ራቅ ብሎ፣ የበሰበሰ ፍግ በተጨመረበት ጉድጓድ ይተከላል። ውሃ የሚተኛበት ዋልካ አይሆንም።

ሆስታ የተባለው የሩቅ ምሥራቅ እስያ ተክል በነጭና በቢጫ ለተዥጎረጎረ ቅጠሉ ሲባል በውጭ አገር በጥላ ሥር ለጌጥ ይተከላል። የጌሾ ቅጠል ቢዥጎረጎር ግን ጌጥ አይደለም። ለተክሉ ምግብ የሚያዘጋጀው አረንጓዴው ክፍል ስለሆነ፣ ቢጫነት ሲታይ የውሃ መተኛት፣ የምግብ እጥረት ወይም በሽታ መኖሩን መመርመር ያስፈልጋል።

በለቀማ ጊዜ ተክሉን ፈጽሞ ማራቆት አይገባም። ማኅበሩ ቅጠሉንና እንጨቱን ለይቶ ይረከብ፤ ቅጠሉ ለጠላ፣ እንጨቱ ለጠጅ ስለሚፈለግ ገዢያቸው አንድ አይደለም። ሳይደርቅ በጆንያ የታጨቀ ጌሾ ስለሚሻግት መረከብ የለበትም።