ኩላሊት ለደም ምን ያደርጋል?

ስለ ኩላሊት የምንማረው ብዙውን ጊዜ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልቃል፤ ደም ያጣራል፣ ሽንት ያስወጣል። እውነት ነው፤ ግን አንድ ትልቅ ሥራው ተዘንግቷል። ይኸውም ሰውነታችን ምን ያህል ቀይ የደም ሕዋስ መሥራት እንዳለበት የሚያዘው ኩላሊት መሆኑ ነው። ነገ ሰሌዳ ፊት የምንቆም እጩ መምህራን ይህን ሳናውቅ ብናስተምር የሚጎዳው ተማሪው ነው።

ቀይ የደም ሕዋስ ዕድሜው 120 ቀን ገደማ ነው። ያረጀው ሲወገድ አዲሱ በአጥንት መቅኔ ውስጥ ይሠራል። ታዲያ መቅኔውን ስንት ሥራ የሚለው ማነው? አለን ኤርስሌቭ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1953 ደማቸው ከፈሰሰ ጥንቸሎች ፕላዝማ ወስዶ ለጤነኞቹ ቢሰጣቸው፣ ጤነኞቹ አዳዲስ ቀይ ሕዋሳት በብዛት ማምረት ጀመሩ። ትእዛዙ በደም ውስጥ የሚጓዝ ነገር ነው ማለት ነው። በ1957 ደግሞ ቺካጎ ላይ ሊዮን ጃኮብሰን፣ ዩጂን ጎልድዋሰርና ባልደረቦቻቸው ከአይጦች ልዩ ልዩ የአካል ክፍል እያወጡ ሞከሩ። ሌላው ሲወጣ ትእዛዙ አልተቋረጠም፤ ኩላሊቶቹ ሲወጡ ግን ቆመ። ይህ ሆርሞን ኤሪትሮፖይቲን ይባላል። ጎልድዋሰር አጥርቶ ለማውጣት ከ20 ዓመት በላይ ፈጅቶበታል፤ በ1977 ከ2550 ሊትር የሕሙማን ሽንት የተገኘው 8 ሚሊግራም ያህል ብቻ ነበር። እኛ አንድ ምዕራፍ ሁለቴ ማንበብ ይሰለቸናል!

ኩላሊት ወደ እሱ የሚደርሰው ኦክሲጅን ሲያንስ ሆርሞኑን ይጨምራል፤ ሲበቃው ይቀንሳል። እዚህ ላይ የእኛ አገር ጥሩ መማሪያ ነው። ኮምቦልቻ 1850 ሜትር፣ በሐረጎ ሽቅብ ተወጥቶ የሚደረስባት ደሴ ደግሞ 2500 ሜትር ገደማ ከፍታ አላቸው። ብዙ ሰው «ደጋ ላይ ኦክሲጅን የለም» ይላል፤ ስሕተት ነው። በሁለቱም ቦታ ከአየሩ 21 በመቶው ኦክሲጅን ነው። የሚቀንሰው የአየሩ ግፊት ነው፤ ደሴ ላይ በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ብቻ ነው። በአንድ ትንፋሽ የሚገባውም ኦክሲጅን በዚያው ልክ ያንሳል።

ስለዚህ የደገኛ ደም በቀይ ሕዋስ የበዛ ነው እንላለን። በደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች ነዋሪዎች ዘንድ እንዲህ ነው። የእኛ ሰው ግን እንቢ ብሏል! ሲንቲያ ቢል፣ አምሃ ገብረ መድህንና ባልደረቦቻቸው በሰሜን ተራሮች፣ 3530 ሜትር ላይ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መርምረው በ2002 እንዳሳተሙት፣ አማካይ ሄሞግሎቢናቸው ለወንዶች 15.9፣ ለሴቶች 15.0 ግራም በዴሲሊትር ነው። በባሕር ወለል ከሚኖር ሰው አይለይም። ባሌ ተራራ ላይ በሚኖሩ ኦሮሞዎች ግን በቆላ ካሉት ወገኖቻቸው ከፍ ብሎ ስለተገኘ፣ ኢትዮጵያዊ ደገኛ ሁሉ አንድ ነው ማለትም አይቻልም።

ነገሩ የወረቀት ክርክር ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 ባወጣው ሠንጠረዥ (በ2024 ተሻሽሏል) በ2500 ሜትር ከሚለካው ሄሞግሎቢን ላይ 1.3 ይቀነስ ነበር። 12.5 ያላት የ12 ዓመት ልጅ 11.2 እንዳላት ትቆጠራለች፤ ወሰኑ 12 ስለሆነ ደም አንሷታል ትባላለች። ሰሜን ተራሮች ላይ ያን ያህል ያልጨመረ ደም ደሴ ላይ ይጨምራል ብሎ መቀነሱ ለእኔ አጠራጣሪ ነው።

ሌላው ደግሞ ምክራችን ነው። ደም አነሰው ሲባል «ቀይ ሥር ይብላ» እንላለን። የብረት ማዕድን እጥረት ከሆነ ምግብ በርግጥ ይረዳል። ኩላሊቱ ለደከመ ሰው ግን መቅኔው እህሉም ብረቱም እያለው ትእዛዝ ያጣል፤ ምስርና ጎመን ሆርሞኑን አይተኩትም። ሆርሞኑ በመርፌ የሚሰጥ መድኃኒት ሆኖ አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው በ1989 ነው። ስለዚህ ፊቱ የገረጣ፣ እግሩ የሚያብጥ ተማሪ ስናይ ምግብ ከመምከር በፊት ደሙንና ሽንቱን እንዲመረመር ወደ ጤና ጣቢያ እንላከው።

ለክፍል ሥራ፦ ሰሌዳው ላይ ኩላሊት፣ መቅኔና ደም የሚሉ ሦስት ክቦች ሥሩና በቀስት አያይዟቸው። ከኩላሊት የሚወጣውን ቀስት አጥፉና ተማሪዎቹን ጠይቁ፤ ከ120 ቀን በኋላ ደሙ ምን ይሆናል?