«ሪኩፕ» የሚለው ቃል በፕሮጀክት ሰነዶቻችን

ከለጋሾች ጋር በምንፈራረማቸው የእንግሊዝኛ ሰነዶች ውስጥ «ሪኩፕ» የሚል ቃል ይገኛል። ፍቺው ባጭሩ «የጠፋን ገንዘብ ማስመለስ» ነው። ይሁን እንጂ አስመላሹ ማን እንደ ሆነ ሳይለዩ መፈረም ሰበካን ላልታሰበ ጉድለት ስለሚዳርግ፣ የቃሉን አገባብ በዚህ ትምህርት እንመለከታለን።

ቃሉ ወደ እንግሊዝኛ የገባው ከፈረንሳይኛ ሲሆን፣ መነሻው «መቁረጥ» ማለት ነው። በቀደመው የሕግ አነጋገር ለሌላ ከሚከፈል ገንዘብ ላይ የሚገባንን ቀንሶ ማስቀረትን ያመለክት ነበር፤ ኪሣራን ማካካስ የሚለው ሰፊ ትርጉም ከዚያ በኋላ መጣ። ዛሬ በሁለቱም ይሠራበታል።

የመጀመሪያው አገባብ አስመላሾቹ እኛ ስንሆን ነው። ለአብነት አንድ ሰበካ ለችግኝ ጣቢያ 40,000 ብር አውጥቶ ከሽያጭ 25,000 ብር ቢያገኝ፣ ኪሣራው 15,000 ብር ነው። በሚቀጥለው ዓመት 42,000 ብር አውጥቶ ከሽያጭ 52,000 ብር ቢያገኝ፣ ኪሣራው በሙሉ ተመለሰ አይባልም። የተመለሰው ትርፉ 10,000 ብር ብቻ ስለ ሆነ፣ 5,000 ብር ገና ይቀራል። ይህን ጉድለት ለውኃ ጉድጓድ ከተሰጠ ገንዘብ መሙላትም ማስመለስ አይደለም፤ ጉድለቱን ከአንዱ መዝገብ ወደ ሌላው ማዛወር ነው።

ሁለተኛው አገባብ አስመላሹ ለጋሹ ሲሆን ነው። «ለጋሹ ያልተፈቀደን ወጪ ሪኩፕ ሊያደርግ ይችላል» የሚል አንቀጽ ለእኛ የተገባ የካሣ ተስፋ አይደለም። ደረሰኝ ያልቀረበለትን ወይም ከውሉ ዓላማ ውጭ የዋለውን ገንዘብ ከቀጣዩ ክፍያ ላይ ቀንሶ ሊያስቀር ይችላል ማለት ነው። ያን ጊዜ የሚጎዳው ገንዘብ ያዡ ብቻ አይደለም፤ ጉድጓዱ ተቆፍሮ እስኪያልቅ ስትጠብቅ የቆየችው እናት እንስራዋን ተሸክማ ወደ ሩቁ ወንዝ መመለሷ ነው።

ስለዚህ ቃሉን ባገኘን ቁጥር፦ አስመላሹ ማን ነው? ከማን ያስመልሳል? ከየትኛው ገንዘብ? ብለን እንጠይቅ። ውሉን ለጉባኤው በአማርኛ ስናስረዳም «ሪኩፕ» ብለን አንለፈው፤ እንደ አገባቡ «ማካካስ» ወይም «ቀንሶ ማስቀረት» እያልን እንለየው። የምእመናን ገንዘብ አደራ ነውና፣ የምንፈርመውን ማወቅ የአደራው መጀመሪያ ነው።