በብርድ ወራት በረሃን ያቋረጡ ቤተ ሰቦች

እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1848 ዓ.ም. በካሊፎርንያ ምድር ወርቅ ተገኘ። በሚከተለውም ዓመት ብዙ ሺህ የአሜሪካ ሰዎች ቤታቸውንና እርሻቸውን ትተው ወደ ምዕራብ ጐረፉ። ሚስትና ልጆች ያሏቸውም ዕቃቸውን በሬ በሚጐትተው ሠረገላ ጭነው ተነሡ።

ወደ ካሊፎርንያ የሚያደርሰው የታወቀው መንገድ ሴራ ኔቫዳ በሚባሉ ረጃጅም ተራሮች ላይ ያልፋል። በ1846 ዓ.ም. የሄዱ መንገደኞች በዚያ በበረዶ ተይዘው ብዙዎቹ አልቀው ነበር። ስለዚህ በ1849 ዓ.ም. ዘግይተው ሶልት ሌክ ከተማ የደረሱት ሰዎች ተራራውን ፈርተው፥ በደቡብ በኩል በረሃውን የሚዞረውን መንገድ ያዙ። መንገዱ ረጅም ነበረ፤ ነገር ግን ውሃው የት እንዳለ የሚያውቅ መሪ ነበራቸው።

ጥቂት እንደ ተጓዙ አቋራጭ መንገድ አለ የሚል ወሬ ተነሣ። መንገዱ በካርታ ላይ ተሥሎ ይታይ ነበር፤ በምድር ላይ ግን አልነበረም። እጅግ ብዙዎች መሪውን ትተው ሄዱ። ወዲያው ሠረገላ የማይወርደው ገደል ባጋጠማቸው ጊዜ የሚበዙት ተመለሱ፤ ጥቂቶች ግን መመለስን እንደ ውርደት ቈጥረው ወደ ፊት ገፉ። ከእነርሱም መካከል ሦስት ልጆች ያሉት ቤኔትና አንድ ሕፃን ያለው አርካን ከነሚስቶቻቸው ነበሩ።

በዲሴምበር ወር መጨረሻ ላይ ወደ አንድ ጥልቅ ሸለቆ ወረዱ። የሸለቆው ዝቅተኛ ስፍራ ከባሕር ወለል በታች 86 ሜትር ነው። በ1913 ዓ.ም. በጁላይ ወር የአየሩ ሙቀት 56.7 ዲግሪ ሆኖ የተለካው በዚሁ ሸለቆ ነው። እነርሱ የመጡት ግን በብርድ ወራት ስለ ነበረ ፀሐይ አልገደለቻቸውም፤ የገጠማቸው ጥማትና ራብ ነበረ። ምድሩ ጨው ነው፤ ለበሬዎቹ የሚበቃ ሣር የለም፤ በምዕራብም በረዶ የለበሰ ተራራ እንደ ግንብ ቆሞ መንገዱን ዘግቷል።

ጥቂት ውሃ ባለበት ስፍራ ሰፍረው መከሩ። ሚስትና ልጅ የሌላቸው ሁለት ጐልማሶች፥ ዊልያም ማንሊና ጆን ሮጀርስ፥ በእግራቸው ሄደው ምግብና መንገድ ይፈልጉ ዘንድ ተላኩ። ለስንቃቸው በሬ ታርዶ ሥጋው ደረቀላቸው። ሁለቱም እንመለሳለን ብለው ቃል ሰጡ።

ተራራውን ከተሻገሩ በኋላ ሌላ በረሃ፥ ከእርሱም በኋላ ሌላ በረሃ ጠበቃቸው። አፋቸው ደርቆ ያኘኩትን ሥጋ መዋጥ አቃታቸው። በዚህ ጊዜ ሮጀርስ እንደ መስተዋት የሳሳ በረዶ መሬት ላይ አገኘ፤ በጀበናቸውም አቅልጠው ጠጡ። ብርዱ ሌሊቱን ቢያስጨንቃቸውም ነፍሳቸውን ያተረፈው እርሱ ነው። 400 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዙ በኋላ ከብት የሚሰማራበት ለምለም አገር ደረሱ። የአገሩ ሰዎች በእስፓንያ ቋንቋ የሚናገሩ ነበሩ፤ ቋንቋቸው ባይገባባም በምልክት ተግባብተው አበሏቸው።

አሁን ሁለቱ ጐልማሶች ድነዋል። በዚያ ቢቀሩ የሚከሳቸው ሰው አልነበረም። ነገር ግን ፈረሶችና አንዲት አንድ ዓይና በቅሎ ገዝተው፥ ምግብ ጭነው፥ ወደ ወጡበት በረሃ ተመለሱ። ፈረሶቹ ገደል መውጣት ስላልቻሉ በመንገድ ተተዉ፤ በቅሎይቱ ግን በጠባቡ ጫፍ ላይ እየተጠነቀቀች አለፈች።

ከሰፈሩ በወጡ በ26ኛው ቀን ሊደርሱ ሲቃረቡ የአንድ ጓደኛቸውን ሬሳ በመንገድ አገኙ። ሠረገላዎቹም ከሩቅ ሲታዩ ሸራቸው ተገፎ ነበር፤ የሰው ድምፅ አይሰማም። ሁሉም አልቀዋል ብለው ፈሩ። ማንሊ ጠመንጃውን ወደ ሰማይ ተኮሰ። ዝም አለ። ከዚያም አንድ ሰው ከሠረገላ ሥር ወጣ፤ ሁለቱን ባየ ጊዜም እጁን አንሥቶ ጮኸ። ሌሎቹም እያለቀሱ ሮጠው ዐቀፏቸው። ተስፋ ቈርጠው የሄዱ ብዙዎች ነበሩ፤ ሁለቱ ቤተ ሰቦች ግን ቆይተው ነበር። ሸራውንም የገፈፉት ለበሬዎቹ መጫኛ ለመሥራት ነበረ።

ሠረገላዎቹን ትተው በእግራቸው ተነሡ። ሸሚዞችን ሰፍተው ከረጢት አደረጉ፤ ትንንሾቹን ልጆች በዚያ ውስጥ አድርገው ክራምፕ በሚባል ገራም በሬ ግራና ቀኝ አንጠለጠሏቸው፤ ትልልቆቹም በጀርባው ላይ ተቀመጡ። የአርካን ሚስት መልካም ልብሷን ጥላው ከምትሄድ ብላ ሁሉንም ለበሰችው፤ በዚያ በረሃም እንደ ሙሽራ ተጊጣ ሄደች። ገደሉ በደረሱ ጊዜ ከታች አሸዋ ከምረው በሬዎቹን አንድ በአንድ ገፍተው አወረዱ። በ1850 ዓ.ም. በማርች ወር ሁሉም በሕይወት ወደ ለምለሙ አገር ደረሱ።

ሲወጡ ከእነርሱ አንዱ ወደ ኋላ ዞሮ ሸለቆውን በሞት ስም ጠርቶ ተሰናበተው ይባላል፤ እስከ ዛሬም የሞት ሸለቆ ይባላል።

ከዓመታት በኋላ ማንሊ በካሊፎርንያ ሲዘዋወር ክራምፕን በመልካም መስክ ወፍሮ ሲግጥ አገኘው። ባለቤቱ ልጆቹን ከሞት ሸለቆ ተሸክሞ ያወጣ በሬ ዳግመኛ ቀንበር አይነካውም ብሎ ከሥራ አሳርፎት ነበር።