ስለ ማስተማሪያ መሣሪያ መጻፍና የአንባቢን መልስ ስለ መቀበል

በመካነ ሰላምና በዙሪያዋ ባሉት የምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋዎች ለምታስተምሩ መምህራን፥ እንዲሁም ማንበብ ለምታውቁ የአገር ሽማግሌዎች፤

ማስተማሪያ መሣሪያ በተባለ ጊዜ ብዙ ሰው ከሩቅ አገር የመጣውን ብቻ ያስባል፤ ይኸውም ራዲዮኑን፥ ቴሌቪዥኑን፥ ኮምፒዩተሩንና የእጅ ስልኩን ነው። ነገር ግን መሣሪያ ማለት ትምህርት ከአንዱ ልብ ወደ ሌላው ልብ የሚሻገርበት ነገር ሁሉ ስለ ሆነ፥ ቦረና ከብዙ ዘመን ጀምሮ መሣሪያ ያለው አገር ነው። የቄስ ተማሪ ፊደሉን በስንደዶ እየጠቆመ ይቈጥራል፤ የቁርዓን ተማሪም ከጥቀርሻ በተበጠበጠ ቀለም በእንጨት ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፥ በቃሉ ከያዘውም በኋላ አጥቦ ደግሞ ይጽፍበታል። ይህ ሰሌዳ ወረቀት በማይገኝበት ስፍራ አንዱን እንጨት እንደ ብዙ መጽሐፍ የሚያደርግ ብልሃት ነውና፥ ከዛሬው መሣሪያ ጋር ቢተያይ የሚያፍርበት ነገር የለውም።

አሁን የምንጽፈው ግን ስለ መሣሪያው ዓይነት አይደለም። መሣሪያ በእጁ የገባ መምህር ያየውን እንዲጽፍ፥ የጻፈውንም ያነበበ ሰው መልስ እንዲጽፍለት ለማሳሰብ ነው። ምክንያቱም ማንም መሣሪያ ከተሠራበት ስፍራ ፍጹም ሆኖ አይወጣም፤ ጕድለቱ የሚታወቀው በሥራ ላይ ሲውል ነው፤ በሥራ ላይ የሚያውለውም መምህሩ ነው። መምህሩ ዝም ካለ ጕድለቱ ከእርሱ ጋር በክፍሉ ተዘግቶ ይቀራል፤ በማዶው ቀበሌ ያለው ባልንጀራውም ያንኑ ስሕተት እንደ አዲስ ይጀምራል።

ይህ ልማድ ለአገራችን ባዕድ አይደለም። የመጻሕፍት መምህራን ትርጓሜ ሲያስተምሩ አንዱን ቃል ከፈቱ በኋላ «አንድም» እያሉ ሌላውን ፍቺ ይጨምራሉ። ይህ «አንድም» የሚሉት ቃል ሲታሰብ እጅግ የሚያስደንቅ ነው፤ አንዱ አንባቢ እንዲህ ተረዳው፥ ሌላው ደግሞ እንዲያ ተረዳው፥ የሁለቱም ቃል ሳይጠፋ ጐን ለጐን ይኑር ማለት ነውና። በብራናውም ዳር ኅዳግ ይተዋል፤ በዚያ ኅዳግ ላይ የኋለኛው አንባቢ የፊተኛውን ጸሐፊ ያርማል፥ ይጠይቃል፥ ይመሰክራል። ደግሞ በዚሁ በቦረና ምድር ገዳማቸው ያለው አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ፥ በ15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ መጽሐፈ ምሥጢርን በጻፉ ጊዜ፥ የተቃዋሚውን ቃል ሳይደብቁ በፊት አስቀምጠው ኋላ መልሱን ሰጡበት። የመጽሐፉ ነገር የሃይማኖት ነውና ከዚህ ጽሑፍ ጋር አይገናኝም፤ ሥርዓቱ ግን ለማንኛውም ጸሐፊ ትምህርት ይሆናል፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ደግሞ ማተሚያ ሳይኖር መጻፍ አይቻልም የሚል ሰው እንዳይኖር ይህን እናስታውሳለን፤ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አእምሮ የተባለውን ጋዜጣ እንድርያስ ካቫዲያስ የሚባል ግሪካዊ ሲጀምር፥ በእጅ እየተገለበጠ 24 ቅጂ ብቻ ይወጣ ነበር። ለአንድ ጉድኝት ትምህርት ቤቶች ይህን ያህል እንኳ አያስፈልግም።

አሁን የአንባቢ መልስ የሌለው መሣሪያ እንዴት እንደሚሆን በቅርብ ዘመን ከታየው ነገር እንመልከት። በ1997 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን በአገራችን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሕዝቡ «ፕላዝማ» ብሎ የጠራው ትምህርት ተጀመረ። ትምህርቱ በደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅቶ፥ በእንግሊዝኛ ቋንቋ፥ በሳተላይት አማካይነት ለአገሩ ሁሉ በአንድ ሰዓት ይተላለፍ ነበር። አሳቡ መልካም ነበር፤ በገጠር ያለው ልጅ በአዲስ አበባ ያለው የሚያየውን ሙከራ እንዲያይ፥ ቤተ ሙከራ በሌለበትም ኬሚስትሪ እንዲማር ነውና። ነገር ግን በመስኮቱ ውስጥ የሚናገረው መምህር አይጠየቅም። ልጁ ባይገባው «ይድገሙልኝ» ሊለው አይችልም፤ በክፍሉ የቆመውም መምህር ምስሉን ሊያቆመው ወይም ወደ ኋላ ሊመልሰው አይችልም። መብራት በጠፋ ጊዜ የዚያ ቀን ትምህርት እንደ ደራሽ ውሃ ያልፋል። መምህሩም የክፍለ ጊዜው አብዛኛው በምስሉ ስለሚያልቅ፥ በመጀመሪያና በመጨረሻ ባሉት ጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ይናገር ነበርና፥ በገዛ ክፍሉ እንደ እንግዳ ሆነ።

ይህን ጕድለት ለማወቅ ታላቅ ጥናት አላስፈለገም፤ በየክፍሉ የቆመ መምህር ገና በመጀመሪያው ወር ያየው ነገር ነበር። ከጊዜ በኋላ ምሁራን መርምረው ጻፉበት፤ መልካም አደረጉ። ሆኖም የትኛው ትምህርት በምስል እንደ ተወደደ፥ የትኛው እንዳልገባ፥ ልጁ በየትኛው ቃል ላይ ዓይኑን ከመስኮቱ እንዳነሣ፥ ይህ ሁሉ በመምህሩ ልብ የነበረ እውቀት ነው። ሳይጻፍ የቀረው መምህሩ ሲዛወር አብሮት ሄደ።

ሁለተኛውም ምሳሌ ከዚህ ይለያል። በ2012 እ.ኤ.አ. አንድ የአሜሪካ ድርጅት፥ ለአንድ ልጅ አንድ ላፕቶፕ በሚል ስም የታወቀው፥ በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ትምህርት ቤት በሌለባቸው ሁለት መንደሮች በፀሐይ ኃይል የሚሞሉ ታብሌቶችን ለልጆች ሰጠ። መምህር አልተላከላቸውም፤ ልጆቹ ብቻቸውን ማንበብ ይማሩ እንደ ሆነ ለማየት ነበር። ልጆቹም ሣጥኑን ከፍተው፥ ማብሪያውን አግኝተው፥ ከጥቂት ወራት በኋላ ተዘግቶ የተሰጣቸውን ካሜራ እንኳ እስኪከፍቱ ድረስ እንደ በረቱ ተነገረ። ይህ የሚያስደስት ነው። ነገር ግን ልብ በሉ፤ በየሳምንቱ አንድ ሠራተኛ እየመጣ፥ ልጆቹ የነኩትን ሁሉ የመዘገበውን ትንሽ ካርድ አውጥቶ በሌላ ይለውጥ ነበር። የልጆቹ ሥራ ተጽፎ ወደ አሜሪካ ሄደ፤ ወሬውም በዚያ ተነገረ። እናት ስለ ልጅዋ ያየችው፥ ሽማግሌው ስለ መንደሩ ያሰበው በዚያ ካርድ ላይ የሚመዘገብ አልነበረም። ስለ እኛ ልጆች መጻፍን ለሌላ ከተውነው፥ የሚጻፈው ሌላው ሊያውቅ የፈለገው ብቻ ነው።

መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮሮና በሽታ ምክንያት ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ በታወጀ ጊዜ፥ ትምህርት በራዲዮ፥ በቴሌቪዥንና በስልክ እንዲሰጥ ተሞከረ። ያን ጊዜ ስልክ ያለው ልጅና ስልክ የሌለው ልጅ በግልጥ ተለዩ። ከዚያ ወዲህ ስልክ በብዙ መምህር ኪስ ስላለ፥ ከዚህ በታች የምንሰጠውን ምሳሌ በስልክ አድርገነዋል።

ስለዚህ መምህር ሆይ፥ ስትጽፍ «የዘመኑ ቴክኖሎጂ ለትምህርት እጅግ ጠቃሚ ነው» ብለህ አትጀምር። ይህን ማንም አያስተባብልህም፥ ማንም ደግሞ መልስ አይጽፍልህም። የሆነውን እንደ ሆነ ጻፍ። እንዲህ ያለ ይሁን፦

«ኅዳር 12 ቀን። አራተኛ ክፍል፥ 58 ልጆች። ውሃ ደመና ሆኖ ተመልሶ እንደሚዘንብ የሚያስረዳ፥ በስልክ የተቀዳ የ9 ደቂቃ ትምህርት አሰማሁ። ከሦስተኛው ረድፍ በኋላ የተቀመጡት አልሰሙም። ድምፁ እንዲጐላ ስልኩን በባዶ ማሰሮ ውስጥ አስቀመጥሁት፤ ጐላ፥ ነገር ግን ቃሉ ተድበሰበሰ። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ልጅ፦ ‹ጋሼ፥ በማሰሮው ውስጥ ያለው ንብ ነው ወይ?› ብላ ጠየቀችኝ። ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። የቀረውን በቃሌ አስተማርሁ። ስልኩን ለማስሞላት በገበያ ቀን ወደ ከተማ መላክ አለብኝ። ድምፁን ጥርት አድርጎ ለማጉላት ብልሃት የሚያውቅ ቢኖር በዚህ ወረቀት ኅዳግ ላይ ይጻፍልኝ።»

ይህ ጽሑፍ አጭር ነው፤ ነገር ግን ቀኑ፥ የልጆቹ ቍጥር፥ የተሞከረው ነገርና ያልሆነው ነገር አለበት። የልጅቱ ስም እንዳልተጻፈም ተመልከቱ፤ የልጅ ስሕተት ወይም ድንቁርና በአደባባይ በስሙ አይለጠፍም። ከሁሉ በላይ ደግሞ መምህሩ ያልተሳካለትን አልሸሸገም። ብዙ መምህር ይህን ሲሰማ ይፈራል፤ ተቆጣጣሪ ያነበው እንደ ሆነ ይነቅፈኛል ብሎ ያስባል። ፍርሃቱ ከንቱ ነው አንልም። ስለዚህ የጉድኝቱ ርእሰ መምህራን አስቀድመው ተሰብስበው፥ በዚህ ወረቀት የተጻፈ ጕድለት ለመምህሩ የሥራ ምዘና እንዳይቈጠር ቃል ቢገባቡ ይገባል። ይህ ቃል ካልተገባ የሚጻፈው ውዳሴ ብቻ ይሆናልና፥ ወረቀቱ ባይጀመር ይሻላል።

እንግዲህ ወረቀቱ በትምህርት ቤቱ በር ተለጠፈ እንበል፤ በስልክም ፎቶግራፉ ተነሥቶ ለጎረቤት ትምህርት ቤቶች ተላከ። ሦስት መልስ መጣ። አንደኛው የአንድ አናጢ ሽማግሌ ነው፦ «ልጄ፥ ማሰሮ አንገቱ ጠባብ፥ ሆዱ ሰፊ ስለ ሆነ ድምፁ በሆዱ ይዞራል። አፈ ሰፊ ገበቴ ውሰድ፤ ስልኩን በውስጡ አድርገህ ገበቴውን በክፍሉ ማእዘን ወደ ልጆቹ አዙረህ አቁመው።» ሁለተኛው የሌላ ትምህርት ቤት መምህርት ናት፦ «ዘጠኝ ደቂቃ ለአራተኛ ክፍል ይረዝማል። ሦስት ሦስት ደቂቃ እየቈረጡ ያሰሙ፤ በየመካከሉም ልጆቹ የሰሙትን ለጎረቤታቸው ይንገሩ።» ሦስተኛው ግን የተቈጣ አባት ነው፦ «ስልክ የልጆቻችንን ዓይንና ጠባይ እያበላሸ ነው። መንግሥት ልጄን ስልክ እንዲያይ አይደለም ወደ ትምህርት ቤት ያስላከኝ።»

ከሦስቱ ዋናው ሦስተኛው ነው፤ መምህሩም ሊተወው የሚፈልገው እርሱኑ ነው። አባ ጊዮርጊስ የጠበቁት ሥርዓት እዚህ ላይ ይረዳል፤ የአባትየው ቃል ሳይቀነስና ሳይለዝብ በሚቀጥለው ወረቀት ራስጌ ይጻፍ፥ ከበታቹም መልሱ፦ «አባቴ ሆይ፥ ስላሳሰቡን እናመሰግናለን። በክፍል የሚሰማው ስልክ የእኔ ነው፤ ልጆቹ ድምፁን ይሰማሉ እንጂ በእጃቸው አይገባም። በቤት ስላለው ስልክ የተናገሩት ግን እውነት ነው፤ እኔም በልጆቹ ላይ አይቼዋለሁ። እርስዎ ፈቃድዎ ከሆነ በሚመጣው የወላጆች ስብሰባ ይህንኑ ይንገሩን። ደግሞም አንድ ቀን ወደ ክፍል መጥተው ከልጆቹ ጋር ተቀምጠው ይስሙ።» የተቈጣ ሰው ቃሉ በሙሉ ተጽፎ ሲያይ ግማሹ ቍጣው ይበርድለታል፤ ሌሎችም ፈርተው ዝም ያሉት ይህን አይተው ይጽፋሉ።

የሽማግሌዎች መልስ በሌላም ነገር ይፈለጋል። መምህሩ ስለ ሜትር አስተምሮ ቢጽፍ፥ ስለ ክንድና ስለ ስንዝር፥ የአንዱ ክንድ ከሌላው ስለሚለይም በገበያ ምን ክርክር እንደሚነሣ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። ስለ ዱር አራዊት ቢጽፍ፥ በመጽሐፉ ያለው ሥዕል የሩቅ አገር አንበሳ ይሆናል፤ በደንቆሮ ጫካ፥ ዛሬ የብሔራዊ ፓርክ በሆነው፥ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ እንዳለ፥ የትኛው በየትኛው ወራት ወደ እርሻ እንደሚቀርብ የሚነግረው ግን ከጫካው ዳር ያረጀ ሰው ነው። መጻፍ የማይችል ሽማግሌ ቢኖር ተማሪ ልጁ ቃሉን ይጻፍለት፤ ልጁም በዚያው የጽሕፈት ትምህርት ይማራል። ይህ በመጽሐፍ ላይ ከተሰጠው የጽሕፈት መልመጃ ይበልጣል ብለን እናምናለን።

ስለ ወረቀቱ አሠራር ጥቂት ቃል። በአንድ ገጽ አንድ ነገር ብቻ ይጻፍ፤ የገጹም ሲሶ ለኅዳግ ይተው። አራት ቅጂ ይበቃል፤ አንዱ በትምህርት ቤቱ በር፥ አንዱ ለጉድኝቱ ማዕከል፥ አንዱ ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት፥ አንዱ ደግሞ በመዝገብ ተጠርዞ ለሚተካው መምህር ይቀመጥ። በክረምት የበሩ ወረቀት ስለሚርስ በመስኮት ከውስጥ ወደ ውጭ ይለጠፍ። በወር አንድ ጊዜ ከወጣ በቂ ነው፤ በየሳምንቱ ለማውጣት ጀምሮ በሦስተኛው ሳምንት ከማቆም ይህ ይሻላል። መልስ የመጣበት ወረቀት ከበሩ ሲነሣ ኅዳጉ ሳይቈረጥ ከነመልሱ በመዝገቡ ይግባ፤ በሚቀጥለውም ወር መምህሩ በመጀመሪያው መሥመር ገበቴው ምን እንዳደረገ፥ የኋላው ረድፍ ሰምቶ እንደ ሆነ ይጻፍ።