ፔጆህ ላይ የቶዮታ ሞተር ከመጫንህ በፊት

ልጄ፣ ከሶፊ ከተማ ሰው በሚያመላልሰው የአባትህ ፔጆ 404 ላይ የኮሮላ ሞተር ልታስገባ ማሰብህን ሰማሁ፤ ባለኢንጄክተሩን 4ኤ-ኤፍኢ ነው አሉኝ። ውጭ አገር የተሠራ የነዳጅ መኪና ማስገባት በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ያለችህን መኪና ማቆየት ትክክለኛ ሐሳብ ነው። ሐረር በእነዚህ ፔጆዎች ስትታወቅ ኖራለች፣ ባጃጅ ሲበዛ ብዙዎቹ ጥግ ይዘው ቀሩ፤ አንዱ እንኳ ተመልሶ መንገድ ቢወጣ ደስ ይለኛል። ሞተሩን ስለመጫን፣ ካምቢዮውን ስለማገናኘት የሚመክርህ አታጣም። መንገድ ላይ የሚያስቀርህ ግን ነዳጁ ስለሆነ እኔ ስለሱ ብቻ ልጻፍልህ።

1. የነበረውን እወቅ። 404 እ.ኤ.አ. በ1960 ሲወጣ 1618 ሲሲ ሞተሩ ወደ ጎን 45 ዲግሪ አጋድሎ የተቀመጠ፣ በካርቡሬተር የሚሠራ ነበር። ነዳጁን ከሳልባትዮ የሚስብለት ሞተሩ ራሱ የሚያንቀሳቅሰው ባለዲያፍራም ፓምፕ ነው፤ ግፊቱም ከሩብ ባር ብዙ አይርቅም። የኮሮላው ኢንጄክተር የሚፈልገው ከ2.7 እስከ 3.1 ባር ነው። ከአሥር እጥፍ በላይ ልዩነት አለው። ስለዚህ የድሮውን ፓምፕ አስተካክዬ እጠቀምበታለሁ የሚል ሐሳብ ካለህ ዛሬውኑ ተወው።

2. ፓምፑ ሳልባትዮ ውስጥ ይቀመጥ። ብዙ ጋራዥ ቀላሉን መንገድ ይመርጥና የኤሌክትሪክ ፓምፕ ከመኪናው ሆድ ሥር ያንጠለጥልልሃል። እንዲህ ያለ ፓምፕ በመግፋት ጎበዝ ነው፣ በመሳብ ግን ደካማ ነው። እኛ የምንኖረው ከባሕር ወለል 1,850 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ነው፤ የአየሩ ግፊት ዝቅ ስላለ ቤንዚን ቶሎ ይተናል፣ በሚሳብበት ቱቦ ውስጥም አረፋ ይፈጥራል። መኪናው በጠራራ ፀሐይ ሸዋ በር ላይ ቆሞ ሲግል ይጠፋል፣ ቀዝቀዝ ሲል ይነሣል፤ ባለቤቱ ደግሞ ካንዴላ ይቀያይራል። ነዳጅ ውስጥ የተጠመቀ ፓምፕ ይህ ችግር ብዙም አይደርስበትም፤ የሚያቀዘቅዘውም የሚያለሰልሰውም ያው ነዳጁ ነው። በዚህ ምክንያት ነዳጅህን ሁልጊዜ ከሩብ በታች እያወረድክ መንዳት ፓምፑን ያቃጥለዋል።

3. ትልቁን ቁጥር አትግዛ። 100 ፈረስ ጉልበት ያለው የቤንዚን ሞተር እስከ መጨረሻው ተረግጦ እንኳ በሰዓት 30 ሊትር ገደማ ቢጠጣ ነው። መጠባበቂያ ጨምረህ 45 በለው። የኮሮላው የራሱ ፓምፕ ከዚህ በላይ ይሰጣል። በሰዓት 255 ሊትር የሚገፋውን የእሽቅድምድም ፓምፕ ብታስገባ ትርፉ ሁሉ እየሞቀ ወደ ሳልባትዮ ይመለሳል፣ የመመለሻው ቱቦ ቀጭን ከሆነም ግፊቱ ከልክ ያልፋል፤ ዲናሞህም ያለጥቅም ይደክማል። ስም የተለጠፈበት ካርቶን አያታልልህ። የገዛኸውን ፓምፕ ከእነ ግፊት መቆጣጠሪያው ግጠመው፣ መለኪያው 3 ባር ሲያሳይ የሚመለሰውን ነዳጅ 30 ሰከንድ የሊትር ምልክት ባለው ዕቃ ተቀበለው። ግማሽ ሊትር ከሞላ በሰዓት 60 ሊትር ማለት ነው፤ ይበቃሃል። ካልሞላ ለሻጩ መልስለት።

4. ከፓምፑ ይልቅ ስለ ሳልባትዮው ተጨነቅ። ከድሬዳዋ ስትመለስ የደንገጎን ጠመዝማዛ አስበው፦ ዳገት ነው፣ ቀኝ ትታጠፋለህ፣ ወዲያው ግራ። ለካርቡሬተር የተሠራ ሳልባትዮ ውስጡ ባዶ ስለሆነ ነዳጁ ወደ አንድ ጥግ ይሸሻል፤ ፓምፑም አየር ይስባል። ካርቡሬተር የራሱ ትንሽ ማጠራቀሚያ ስላለው ለጥቂት ሰከንድ ይታገሥሃል፣ ኢንጄክተር ግን ወዲያው ይቆርጣል፤ ይህ ደግሞ ዳገት ላይ፣ ከኋላህ የጭነት መኪና እየተከተለህ ነው የሚሆነው። መፍትሔው ፓምፑ የሚቀመጥበት ጣሳ ነው። ከላሜራ አሠራ፣ ከታች ጠባብ መግቢያ ይኑረው፤ ከሞተር የሚመለሰው ነዳጅ በቀጥታ እዚያ ውስጥ ይፍሰስ። ሳልባትዮው ቢያጋድልም ጣሳው ሙሉ ሆኖ ይቆያል። የሳልባትዮውን ጥልቀት በሽቦ ለካ፤ የፓምፑ ወንፊት ወለሉን ሊነካ እንጂ ተንጠልጥሎ ሊቀር አይገባም። የነዳጅ መጠን የሚያሳየው ተንሳፋፊም ከጣሳው ጋር እንዳይጋጭ በእጅህ ከፍ ዝቅ አድርገህ ሞክረው። ክዳኑን በጓርኒሲዮንና በብሎን እሰረው፣ ከላይም መፈተሻ ቀዳዳ ተውለት፤ ፓምፕ በተበላሸ ቁጥር ሳልባትዮ ማውረድ የለብህም።

5. ብየዳውን በተመለከተ እለምንሃለሁ። ባዶ ሳልባትዮ ከሙሉው ይበልጥ ይፈነዳል፤ የሚቀጣጠለው ከአየር ጋር የተደባለቀው ትነት ነውና። አንዴ በውኃ ማለቅለቅ አያድንህም፣ ቤንዚኑ ከዝገቱና ከመጋጠሚያው ሥር ተደብቆ ይቆያል። በሙቅ ውኃና በሳሙና ደጋግመህ እጠብ፣ በእንፋሎት አስነፋው፣ ለፓምፑ የሚሆነውን ቀዳዳ ብልጭታ በማያወጣ የእጅ መቁረጫ ክፈት፣ ሲበየድም እስከሚበየደው አፋፍ ድረስ ውኃ ይሙላበት። በያጁ «ታጥቧል፣ ችግር የለም» ብሎ ቢቸኩል ሳልባትዮህን ተሸክመህ ውጣ።

6. ሳልባትዮ ውስጥ ተራ የነዳጅ ጎማ አታስገባ፤ ከውጭም ከውስጥም ቤንዚን ሲነካው ያብጥና ይሰነጠቃል። ለመጠመቅ የተሠራው ላዩ ላይ ጄ30 አር10 የሚል ጽሑፍ አለው፣ ለውጭው አር9 ይበቃል። ገመዱ ከባትሪ በ15 አምፔር ፊውዝና በሪሌ አልፎ ይምጣ፤ ሪሌውን የሚያዘው የሞተሩ ኮምፒውተር ይሁን። ከቁልፉ በቀጥታ ከሳብከው መኪናው ተጋጭቶ ሞተሩ ቢጠፋ እንኳ ፓምፑ ነዳጅ መርጨቱን አያቆምም።

7. ሰልፍ ሲበዛ በሃይላንድ ጠርሙስ የሚሸጠውን ቤንዚን ሳታጣራ አትቅዳ። ካርቡሬተር ትንሽ አሸዋና ውኃ ይችላል፣ ኢንጄክተር አይችልም።

8. የሞተር ቁጥር ሊብሬው ላይ የሰፈረ ነው። ተቆጣጣሪዎች የተሽከርካሪ ምዝገባ አዋጁን (ቁጥር 681/2002) ጠቅሰው ከመጠየቃቸው በፊት የሞተሩን የግዥና የቀረጥ ወረቀት ይዘህ ትራንስፖርት ቢሮ ቅረብ፤ ወረቀት የሌለው ሞተር በርካሽ ቢሰጡህም አትግዛ፣ ቦሎ ስትጠየቅ መድረሻ ታጣለህ።

ሳልባትዮውን የምታወርድ ቀን ጥራኝ፤ ጣሳው ከመቆረጡ በፊት ልኬቱን አብረን እናየዋለን።